በልጅ እጅ የሚላክ ቢራ

(በቃሊቲ ማረሚያ ቤት ለታራሚዎች፣ ለማረሚያ ፖሊስ አባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር፤ ለኅትመት ሲዘጋጅ በጥቂቱ ተስተካክሏል።)

 

ስለ መጠጥ ልናገር ብሎ እዚህ መድረክ ላይ መውጣት ድፍረት ይጠይቃል። ከመካከላችሁ ነገሩን ከእኔ በላይ የሚያውቅ፣ ዋጋውንም በዓመታት እየከፈለ ያለ ሰው አይጠፋም። ስለዚህ «መጠጥ ክፉ ነው» የሚለውን ስብከት አልደግምላችሁም። ከቤተ ክርስቲያኑም፣ ከመስጊዱም፣ ከእናቶቻችንም አፍ ሰምተን ያደግነው ነው፤ ብዙዎቻችንም እየሰማን ጠጥተናል። የዛሬው ጉዳዬ ከዚያ ጠበብ ይላል። ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆች መጠጥ እንዳይጀምሩ፣ የጀመሩትም እንዲተዉ ሰፈር ምን ማድረግ ይችላል? በመጀመሪያ መጠጥ ልጅ እጅ የሚገባው በየት በኩል እንደሆነ አሳያለሁ። ቀጥዬ ሕጋችን ምን እንደሚልና ብቻውን ለምን እንደማይበቃ እናገራለሁ። ከዚያ ወደ እድሩ፣ ወደ ጠላ ቤቱና ወደ ትምህርት ቤቱ እገባለሁ። በመጨረሻም እናንተ በዚህ ግቢ ሆናችሁ ልትሠሩት ስለምትችሉት ጥቂት እላለሁ።

«እዚህ ልጅ የለም፤ ይህ ንግግር ለትምህርት ቤት ነበር የሚገባው» የሚል ይኖራል። ለልጆቹማ በየሰልፉ ላይ ብዙ ተነግሯቸዋል። እኔ የምፈልገው ትልቁን ሰው ነው። እናንተ አባቶች፣ እናቶች፣ ታላቅ ወንድሞችና እህቶች ናችሁ፤ ሱቅ የነበራችሁ፣ ግሮሰሪ ያስተዳደራችሁ፣ ታክሲ ላይ የሠራችሁ አላችሁ። በጥየቃ ቀን ስንቅ ይዞ ከሚመጣው ሰው ኋላ ብዙ ጊዜ አንድ ልጅ ቆሟል። የዛሬው ንግግር ስለዚያ ልጅ ነው።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ነጥብ ልነሳ። ልጅ መጠጥ የሚያገኘው ከማያውቀው ክፉ ሰው ነው ብለን ማሰብ እንወዳለን፤ ልባችንን ያሳርፈዋልና። እኔ እስከማየው ድረስ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ከሚያውቀውና ከሚወደው ሰው እጅ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ እንግዳ አለ እንበል። አባት ልጁን ይጠራና «ማሙሽ፣ እነዚህን ባዶ ጠርሙሶች ያዝና አራት ቢራ አምጣ፤ በእኔ ስም ይያዝ በለው» ይለዋል። ልጁ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ፌስታሉን በሁለት እጁ አቅፎ፣ ጠርሙሶቹ እንዳይጋጩ እየተጠነቀቀ ይሄዳል። ባለሱቁ ባዶውን ይቆጥራል፣ ሙሉውን ይሰጣል፣ የዱቤ ደብተሩን ገልጦ በአባትየው ስም ይጽፋል፣ «ጎበዝ፣ እንዳትሰብር» ብሎም ይሸኘዋል። ልጁ ሲመለስ ይመሰገናል፤ የቆርኪ መክፈቻውን የማምጣቱ ክብርም የእሱ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ጥፋት ሠራሁ ብሎ የሚያስብ አንድም ሰው የለም። አባት ልጁን ላከ፤ መላክ ደግሞ በእኛ አገር ልጅን ማሳደጊያ ነው። ባለሱቁም ደንበኛውን አስተናገደ። ልጁ ግን ብዙ ተምሮ ነው የተመለሰው። የትኛው ቢራ በትልልቆቹ ዘንድ እንደሚወደድ፣ ስንት እንደሚያወጣ፣ በዱቤ እንደሚገኝ፣ ባለሱቁም ምንም እንደማይጠይቅ አውቋል። አሥራ አራት ዓመት ሲሆነው ከጓደኞቹ ጋር ብር አዋጥቶ ለራሱ ሊገዛ ሲመጣ ባለሱቁ «ለማን ነው?» ቢለው መልሱ ዝግጁ ነው፤ «ለአባዬ»። ባለሱቁን ያታለለው ልጁ ነው እንላለን። ለመታለል የሚመቸውን መንገድ ለዓመታት የጠረግነው ግን እኛ ነን።

እዚህ ላይ የአያቶቻችንን ነገር ሳላነሳ ባልፍ አድልዎ ይሆንብኛል። «ድሮስ ልጅ ጠላ ይቀምስ የለ?» የሚል ክርክር በየሄድኩበት ይገጥመኛል። አዎን፣ ይቀምስ ነበር፤ ዛሬም በብዙ ቤት ይቀምሳል። ነገር ግን ጠላው እንዴት ይመጣ እንደነበር አስታውሱ። ጌሾው ይወቀጣል፣ ብቅሉ ይፈጫል፣ ይጠነሰሳል፣ እንኩሮው ይቆላል፣ ይደፈደፋል። ጋኑ አፉ ተመርጎ ቀናት ይቆያል። መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀት ወይም ፋሲካ እስኪደርስ አይነካም። ሲከፈትም ወፍራሙ ለትልልቁ ሰው ይቀዳል፤ ለልጆች የሚደርሳቸው ቅራሪ ነው፣ ካለም ብርዝ። የሚቀዳው በአያት እጅ፣ በአባት ፊት ነው። ሥርዓቱ እንከን አልነበረውም አልልም፤ በድግስ ማግስት ራሱን ስቶ የተገኘ ልጅ ታሪክ በየመንደሩ አለ። ግን ጊዜው አጥር ነበር፣ የሰው ዓይንም አጥር ነበር። ዛሬ ቢራው በኮንዶሚኒየሙ ምድር ቤት፣ በግሮሰሪው ፍሪጅ ውስጥ፣ ዓመቱን ሙሉ ቀዝቅዞ ይጠብቃል። የድሮውን ፈቃድ ይዘን፣ የድሮውን አጥር ግን ጥለናል።

ከቤት ውጭ ያለው ልጅ ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። ሊስትሮው፣ የታክሲ ረዳቱ፣ ጎዳና ላይ የሚያድረው ልጅ ቢራ መግዣ የለውም፤ የእሱ መጠጥ አረቄ ነው። በአንድ መለኪያ የሚሸጥ፣ ርካሽ፣ ግን ከቢራ ብዙ እጥፍ የሚያቃጥል። «ብርድ ያባርራል» ይሉታል። ብርድ አያባርርም። አልኮል ከቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ለጊዜው ሙቀት ይሰማል፤ ሰውነት ግን በዚያው መጠን ሙቀቱን ወደ ውጭ ይለቃል። በሐምሌ ሌሊት አረቄ ጠጥቶ በረንዳ ላይ የተኛ ልጅ ካልጠጣው ይልቅ ለብርዱ የተጋለጠ ነው።

ስለ ጤናው ከዚህ በላይ አላስረዝምም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በአልኮል ምክንያት በዓለም 2.6 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል፤ ከሌላው ዕድሜ ይልቅ የአልኮል ድርሻ ጎልቶ የታየው ከ20 እስከ 39 ዓመት ባሉት ሟቾች ላይ ነው። የሰው አእምሮ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ እድገቱን አይጨርስም፤ ዘግይቶ የሚበስለው ደግሞ ቁጣን የሚገታውና ነገን የሚያስበው ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ የተሠራ አንድ ሰፊ ጥናት ከ15 ዓመታቸው በፊት መጠጣት ከጀመሩት ሰዎች 40 በመቶ ያህሉ በሕይወታቸው በሆነ ጊዜ የመጠጥ ጥገኛ ሆነው እንደተገኙ አሳይቷል፤ በ20 እና በ21 ዓመታቸው ከጀመሩት ውስጥ ግን 10 በመቶ ገደማ ብቻ። ቀድሞ የሚጀምር ልጅ ቤቱም ሰላም ያጣ ሊሆን ይችላልና ቁጥሩን ሁሉ በመጠጡ ላይ አላሳብብም። ቢሆንም አንዲት ዓመት እንኳ ማዘግየት ትርፍ እንዳላት ያሳያል። በሰፈር የምንሠራው ሥራ ግቡ ይህ ነው፤ ማዘግየት።

ወደ ሁለተኛው ጉዳይ ልሻገር፤ ወደ ሕጉ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2011 ዓ.ም. ያጸደቀው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። በሬዲዮና በቴሌቪዥን የአልኮል ማስታወቂያ እንዳይተላለፍም አግዷል፤ እገዳው በግንቦት ወር ሥራ ላይ ሲውል ብዙ ጣቢያዎች ዋነኛ የገቢ ምንጫችን ተነጠቀ ብለው አቤት ብለው ነበር። እኔ ይህን አንቀጽ በአገራችን ስለ ልጆች ከወጡት ሕጎች ሁሉ ጥሩዎቹ ውስጥ እቆጥረዋለሁ። ከዚያ በፊት የነበረውን አስቡ። ኳስ ስታዩ ቢራ፣ ሙዚቃ ስትሰሙ ቢራ፣ በዓል ሲመጣ ቢራ። የብሔራዊ ቡድናችን ቅጽል ዋልያ ነው፤ ቢራውም ዋልያ ተባለ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ክለቡም ነው፣ ቢራውም ነው። ቡድኑን የሚደግፍ የስምንት ዓመት ልጅ ስሙን ሲጠራ የትኛውን እየጠራ እንደሆነ በምን ይለያል?

ፋብሪካዎቹን ለመርገም አይደለም። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረ፣ የከተማችን ታሪክ አካል ነው። በዚሁ በአቃቂ ቃሊቲ፣ ቂሊንጦ ላይ፣ ሄይኒከን በ2007 ዓ.ም. ያስመረቀው ፋብሪካ ሲጀምር ብቻ በዓመት 1.5 ሚሊዮን ሄክቶ ሊትር፣ ማለትም 150 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም ነበረው። ፋብሪካው ሠራተኛ ይቀጥራል፣ ግብር ይከፍላል፣ ከገበሬው የቢራ ገብስ ይገዛል። ግን ይህን ያህል ቢራ የሚያመርት ከተማ ልጆቹን የሚጠብቅበትን ክንድ በዚያው ልክ ማጠንከር አለበት።

ታዲያ ሕጉ እያለ ለምን አልበቃም? አንደኛው ምክንያት ቀላል ነው፤ ባለሱቁ መታወቂያ አይጠይቅም። ቢጠይቅም አሥራ ስድስት ዓመት የሆነው ልጅ የቀበሌ መታወቂያ የለውም፤ ልጁ «የለኝም» ማለቱም ባለሱቁን ከመሸጥ አያግደውም። ሁለተኛው ምክንያት ቁጥጥሩ በዘመቻ መሆኑ ነው። መስከረም ሲጠባ ወይም ፈተና ሲደርስ «በትምህርት ቤቶች ዙሪያ ያሉ አዋኪ ተግባራት» በሚል ርዕስ ሺሻ ቤቱ፣ ጫት ቤቱ፣ መጠጥ ቤቱ ይታሸጋል። ደንብ አስከባሪው፣ ፖሊሱና ካሜራው አብረው ይመጣሉ። ወር ሳይሞላ ያው ቤት ከጀርባው ባለው መንገድ ላይ በሌላ ስም ተከፍቶ ይገኛል። ማሸጉ ስህተት አይደለም። ግን የሰፈሩ ሰው «ይህ ቤት ለልጅ ይሸጣል፣ እኛም አንፈልገውም» ብሎ ካልተነሳ እሽጉ ሰም ብቻ ነው።

ስለ ሕግ ከተነሳ ለወጣት ታራሚዎች አንድ ነገር ጣል ላድርግ። አንድ ሰው 18 ዓመት ሲሞላው በፍርድ ቤት ፊት እንደ ሙሉ ሰው ይጠየቃል፤ መጠጥ ሊሸጥለት የሚፈቀደው ግን በ21 ዓመቱ ነው። በእነዚህ ሦስት ዓመታት ውስጥ ያለ ወጣት ሕግ ሊሸጥለት እንኳ ያልፈቀደውን ነገር ጠጥቶ ለሠራው ጥፋት እንደ ትልቅ ሰው ይፈረድበታል። «ሰክሬ ነበር» የሚለው ቃልም ብዙ ሰው እንደሚያስበው ማምለጫ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 50 ወንጀል ለመሥራት ሲል ሆን ብሎ ራሱን ያሰከረ ሰው ከቅጣት እንደማይድን፣ አደጋውን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው በራሱ ጥፋት የሰከረውም እንደሚጠየቅ ይደነግጋል። ይህን በየሰፈሩ ያለ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ቢያውቀው እወዳለሁ፤ ከጠበቃ ከሚሰማው ደግሞ ከታላቅ ወንድሙ ቢሰማው ይሻላል።

ሕግ ላይ ሰፈር ሲታከልበት ምን እንደሚገኝ ላሳይ። የውጭ አገር ምሳሌ ማብዛት አልወድም፤ አንዷን ግን መተው አልቻልኩም። አይስላንድ የምትባል ትንሽ፣ ቀዝቃዛ አገር አለች። እ.ኤ.አ. በ1998 ከ15 እና ከ16 ዓመት ልጆቿ 42 በመቶው ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ሰክረን ነበር ብለው መልሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ይህ ቁጥር ወደ 5 በመቶ ወርዷል። ምን አደረጉ? ለወጣት መጠጥ መሸጥን ከልክለው አላቆሙም። የልጆች የሰዓት ገደብ አወጡ፤ ከ13 እስከ 16 ዓመት ያለ ልጅ በብርዱ ወራት ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ያለ ትልቅ ሰው ደጅ አይገኝም። የአንድ ትምህርት ቤት ወላጆች ተሰብስበው የጋራ ስምምነት ፈረሙ። አርብ ማታ ተራ ገብተው በሰፈራቸው እየዞሩ ልጆችን ወደ ቤት ሸኙ። መንግሥት ደግሞ ለስፖርትና ለሙዚቃ ገንዘብ አወጣ፤ በየትምህርት ቤቱም ልጆቹን እየጠየቀ ውጤቱን ለወላጆች ቶሎ መለሰላቸው።

አገሪቱ ሀብታም ናት፣ ሕዝቧም ከአንድ ክፍለ ከተማችን ብዙም አይበልጥም፤ እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። ነገር ግን ከሠሯቸው ሥራዎች ውስጥ ወላጆች ተራ ገብተው መዞራቸው ገንዘብ አይጠይቅም። ደግሞም ለእኛ አዲስ አይደለም። ከእናንተ መካከል አዲስ አበባ ያደጋችሁ በመንገድ ስታጠፉ «የማን ልጅ ነህ?» ያላችሁን ሰው ታስታውሳላችሁ። ሰውየው ዘመድ አልነበረም፤ ጎረቤት እንኳ ላይሆን ይችላል። ግን ይመታል፣ ይመክራል፣ ለእናት ይናገራል፤ እናትም ታመሰግናለች እንጂ አትከስም። ዱላውን አልናፍቅም። ባለቤት መኖሩን ግን እናፍቃለሁ። የድሮው መንደር ፈርሶ ሰዉ ወደ ኮዬ ፈጬና ወደ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሲገባ በአንድ ብሎክ ውስጥ የማይተዋወቅ አባወራ በዛ። ልጁ ደረጃ ሥር ተቀምጦ ከጠርሙስ ሲጎነጭ ያየ ሰው «የእኔ ልጅ አይደለም» ብሎ አልፎ ወደ አራተኛ ፎቅ ይወጣል።

እንግዲህ ሰፈሩ በእጁ ምን አለ? ከእድር እጀምራለሁ፤ ለእኔ የነገሩ ቁልፍ እዚያ ነው። እድር ለቀብር ብቻ የተሠራ የሚመስለው ካለ የኤች አይ ቪን ዘመን ያስታውስ። ብዙ የአዲስ አበባ እድሮች ያኔ መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሽለው ሞትን ከመጠበቅ ይልቅ የታመመን መርዳት፣ ወላጅ ያጣን ልጅ ማስተማር ጀመሩ። ይህ የሆነው አባላቱ በየወሩ እየተሰበሰቡ ስለተከራከሩ ነው። ስለ ልጆችና ስለ መጠጥም እንዲሁ ሊሆን ይችላል። በሰፈሩ ያሉ ባለሱቆችና ባለግሮሰሪዎች ብዙዎቹ የዚያው እድር አባላት ናቸው። በወር ስብሰባ ላይ ሁለት ቃል ይገባ፤ ሻጮቹ «ለልጅ አንሸጥም፣ በልጅ እጅም በዱቤ አንሰጥም» ይበሉ፤ ወላጆች ደግሞ «ልጅ ለመጠጥ አንልክም» ይበሉ። ሁለቱ ካልተያያዙ አይጸናም። ባለሱቁ ብቻ ቃል ከገባ «ልጄን ባዶ እጁን መለስክብኝ» ብሎ የሚቆጣው ደንበኛ ያስተወዋል። ወላጁ ብቻ ቃል ከገባ ልጁ በራሱ ብር ይገዛል። በኮንዶሚኒየሞችም የነዋሪዎች ማኅበር የጋራ መጠቀሚያ ሕንፃውን ለማን እንደሚያከራይ የመምረጥ መብት አለው። አንዳንዶቹ ለመጠጥ ቤት አከራይተው ስለ ልጆቻቸው ሲያለቅሱ አይቻለሁና ነው ይህን የማነሳው።

አሁን ከሁሉ ከባዱን ጉዳይ ላንሳ። በራፍዋ ላይ እንጨት ተክላ ጣሳ የሰካችውን ሴት። ያ ጣሳ «እዚህ ጠላ አለ» ማለት ነው። ባል የሞተባት ወይም ጥሏት የሄደ፣ ልጆቿን በዚያች አንዲት ክፍል የምታሳድግ ናት። ቀን ላይ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን አልጋ ሥር ትወሽቅና ጣሳ ማጠብ ትጀምራለች። ማታ ለጠጪዎች ትቀዳለች፤ «ቅመሺ» የሚላት አለ፣ እጇን የሚይዛትም አለ። ወንድሟ ጥግ ላይ ተቀምጦ የቤት ሥራ ለመሥራት ይሞክራል፤ ጫጫታው ሲበዛበት ይወጣል። ስለ ልጆች መጠጥ ሲወራ በመጀመሪያ መታሰብ ያለባቸው እነዚህ ልጆች ናቸው፤ ልጅነታቸውን ሙሉ መጠጡ ውስጥ ነው የሚኖሩት።

ይህችን ሴት «ዝጊ» ማለት ልጆቿን «ጾማችሁን እደሩ» ማለት ነው፤ የዘመቻ ሰዎች ይህን ሊረዱልኝ ይገባል። ግን «ምን ታድርግ» ብሎ ማለፍም አይቻልም። መሐል መንገድ አለ። ልጆቿ በምሽት እንዳይቀዱ ጎረቤት ሴት ትተካላት፤ ጠጪዎቹም ቢሆኑ አብዛኞቹ የሰፈር ሰዎች ናቸውና ልጅቷ እንድትቀዳላቸው ከመጠየቅ ይታቀቡ። እቁቧ ውስጥ የመጀመሪያውን ዕጣ ለእሷ መልቀቅ በእኛ ባህል የታወቀ ደግነት ነው፤ በዚያ ብር ምጣድ ገዝታ እንጀራ ወደ መሸጥ ልትዞር ትችላለች። የከተማ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር የሚመርጣቸው የየወረዳው ደሃ ቤተሰቦች ሲለዩ ጠላ ቤት ውስጥ የሚያድጉ ልጆች ያሏት እናት እንዳትረሳ የእድሩ ሰዎች ሊመሰክሩላት ይገባል። ከወረዳ የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች ይህችን ነጥብ ጻፉልኝ።

የእምነት ተቋማቱን ጉዳይ በአጭሩ እነካለሁ። እስልምና መጠጥን ጨርሶ ከልክሏል፤ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም ምእመኖቻቸው እንዳይጠጡ ይመክራሉ፣ ይገስጻሉ። እኛ ኦርቶዶክሶች ጠላውን ከማኅበሩና ከሰንበቴው ጋር አያይዘን ስለያዝን ሥራው ይበዛብናል። ማኅበር ሲወጣ ለልጆች ብርዝ ወይም ቀሪቦ ለብቻው ቢቀርብ፣ ነፍስ አባትም ለንስሐ ልጃቸው ስለ ጾም እንደሚጠይቁት ሁሉ «ልጅህን ለመጠጥ ትልካለህ?» ብለው ቢጠይቁት የሚያንስ ነገር የለም።

ትምህርት ቤት ላይ ሁለት ነገር ላንሳ። አንደኛው የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች የሚያከብሩት ከለር ዴይ፣ ክሬዚ ዴይ የሚባለው ነገር ነው። ቀኑ ራሱ አያስፈራኝም፤ ልጆች ይደሰቱ። የሚያስፈራኝ ፕሮግራሙ ሲያልቅ ያለው ሰዓት ነው፤ ቲሸርት ለብሰው በቡድን ወደ ግሮሰሪ የሚሄዱበት። የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረቱ መከልከልን ብቻ ከሚያስብ ያን ከሰዓት በኋላ ከልጆቹ ጋር ሆኖ ቢያቅድላቸው ይሻላል። ሁለተኛው ባዶ ሰዓት ነው። በፈረቃ የሚማር ልጅ ግማሽ ቀኑ የእሱ ነው። የሚጫወትበት ሜዳ ሕንፃ ተሠርቶበታል፤ የቀረው የጆተኒና የፑል ቤቱ ነው፤ ከፑል ቤቱ ቀጥሎ ያለው በር ደግሞ ብዙ ጊዜ ድራፍት ቤት ነው። ሚኒ ሚዲያው ስለ መጠጥ ጉዳት ግጥም ማንበቡ መልካም ነው። አንድ የቀረች ሜዳ ከግንባታ ማስጣል ግን ከመቶ ግጥም ይበልጣል።

ጀምሮ የተገኘው ልጅስ? እኛ የምናውቀው መድኃኒት «ዱርዬ» ብሎ ስም መስጠትና መደብደብ ነው። ስም የተሰጠው ልጅ ስሙን ይኖርበታል። መጀመሪያ ከየት እንደሚያገኘውና ከማን ጋር እንደሚጠጣ በእርጋታ ይጠየቅ፤ ከሱ ጋር የሚጠጡትን ልጆች ወላጆች ማነጋገር ብቻውን ብዙ ጊዜ ግማሹን ነገር ይፈታል። ካልሆነ ጤና ጣቢያ አለ፤ ከከበደም አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣል። አማኑኤል መሄድ ነውር የሚመስላችሁ አላችሁ። ነውሩ ልጁን እያዩ ዝም ማለት ነው።

ወደ መጨረሻው ነጥቤ ደርሻለሁ፤ ወደ እናንተ። እዚህ ሆናችሁ ልጅን ማሳደግ አይቻልም የሚለውን አልቀበልም። በጥየቃ ቀን የምታገኟት ጥቂት ደቂቃ አለች፤ ስልክም አለ። ልጃችሁን «ተምረሃል? በልተሃል?» ብላችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ «ሰፈር ማታ ከማን ጋር ታመሻለህ? መጠጥ የሚሰጥህ አለ?» ብላችሁ ጠይቁት። አትቆጡት፤ የሚቆጡትን ልጅ በሚቀጥለው ጥየቃ አታገኙትም። መጠጥ እዚህ ያደረሳችሁ ካላችሁ ለልጃችሁ ንገሩት፤ ለማስፈራራት ሳይሆን፣ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ማን እንደሰጣችሁና በስንት ዓመታችሁ እንደነበር በተራ ቋንቋ ንገሩት። የኪነት ቡድኑም በዚህ ጉዳይ ላይ ጭውውት ቢሠራ እኔ ከማወራው ይሻላል፤ አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፣ ሰካራሙን ማሳቂያ አታድርጉት። በመድረካችን ላይ የሚወላገድ ሰካራም አይተን ስንስቅ ልጆቻችንም አብረው ይስቃሉ፤ ስካርን እንደ ቀልድ ይይዙታል።

በአመክሮ ወይም ቅጣት ጨርሳችሁ የምትወጡበት ቀን ይመጣል። ቤተሰብ ይደግሳል፤ በግ ይታረዳል፣ ሳጥን ቢራ ይመጣል። የደስታ ቀን ነው፣ አታበላሹት አልልም። ቢራውን ማን እንደሚያመጣና ማን እንደሚቀዳ ግን አስቀድማችሁ በስልክ ተናገሩ፤ ልጅ እንዳይላክ፣ ልጅ እንዳይቀዳ። ያን ቀን ያላችሁት ይሰማል፤ ሁሉም ሰው እናንተን ነው የሚያየው።

አሁን የምጠይቃችሁ ከዛሬ የሚጀመር ነገር ነው። ከመካከላችሁ የእድር አባል የነበራችሁ፣ ሚስታችሁ ወይም እናታችሁ በስማችሁ እየከፈለች ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ለእድራችሁ ዳኛ አንድ ደብዳቤ ጻፉ። ረጅም አይሁን። «በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ላይ ለልጆች መጠጥ ስለመሸጥና ልጅን ለመጠጥ ስለመላክ አጀንዳ ይያዝልኝ» በሉ፤ ስማችሁን ፈርሙበት፤ ለጠያቂያችሁ ስጡ። በግቢው ትምህርት ቤት የምታስተምሩ መምህራን፣ መጻፍ የማይችሉትን እርዱልኝ። የወረዳ ሰዎች፣ ደብዳቤው የደረሰው እድር ስብሰባ ሲጠራ ተገኙ፤ አዋጅ 1112ንም ይዛችሁ ሂዱ።